የኪስ ሰንጢ አመራረጥና አያያዝ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

ሰንጢ ማለት ብረቱ ወደ እጀታው ውስጥ እየታጠፈ የሚገባ፥ በኪስም የሚያዝ ትንሽ ካራ ነው። ካራ አፎት ይሻል፤ ሰንጢ ግን እጀታው ራሱ አፎት ስለሚሆነው ሌላ አፎት አይሻም። ስለዚህ ገበሬ በእርሻው፥ እረኛ በመስኩ፥ ነጋዴ በመንገዱ፥ መምህርም በትምህርት ቤቱ ይዞት ሊውል ይችላል። ገመድ ይቆርጡበታል፤ ጠፍር ይበሱበታል፤ የጆንያ አፍ ይፈቱበታል፤ ብርቱካንና ድንች ይልጡበታል፤ እርሳስ ይቀርጹበታል፤ ቁም ጸሐፊም የመቃ ብርዑን ያሾልበታል።

ነገር ግን ብዙ ሰው ሰንጢ ሲገዛ የሚያየው መልኩንና ዋጋውን ብቻ ነው። ዕቃው ትንሽ ስለ ሆነ ምክር የሚያስፈልገው አይመስለውም። ሆኖም በዚች በትንሽ ዕቃ ምክንያት የሠራተኛ ጣት ይቆረጣል፤ የድኻ ገንዘብ ያለ ጥቅም ይጠፋል፤ የሕፃናትም እጅ ይደማል። እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለቤተ ሰባቸውና ለጎረቤታቸው ያስረዱት ዘንድ ይህን ትምህርት በዘጠኝ ክፍል ጽፈነዋል። ስለ ውጭ አገር ነገር በምንናገርበት ቦታ የተጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ዋጋው

ርካሽ ዕቃና ዋጋው የሚቻል ዕቃ አንድ አይደሉም። ርካሽ ማለት በሚገዙበት ቀን ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ዋጋው የሚቻል ማለት ግን በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ ሲታሰብ ጥቂት ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። ይህንንም በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ300 ብር ሰንጢ ገዛ እንበል። ሰንጢው በ6 ወር ተሰበረበትና ሌላ ገዛ፤ ያም እንደዚሁ በ6 ወር ተሰበረ። እንዲህ ሲያደርግ በ5 ዓመት ውስጥ 10 ሰንጢ ይገዛል፤ ወጪውም 3000 ብር ይሆናል። ጎረቤቱ ግን በ1200 ብር አንድ ሰንጢ ገዝቶ 5 ዓመት ቢያገለግለው የዓመት ወጪው 240 ብር ነው። የፊተኛው ሰው በዓመት የከፈለው 600 ብር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በርካሽ የገዛው በመጨረሻው ቀን በውድ የገዛ ሆኖ ተገኘ። መምህር ይህንን ሒሳብ እንደየአገሩ የገበያ ዋጋ እየለወጠ ቢሰጥ ማካፈልንና ቁጠባን በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

ዳግመኛም ዋጋው የከበደ ሰንጢ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የሚጨመረው ገንዘብ ለስለቱ ሳይሆን ለጌጡና ለስሙ የሚከፈል ነው። ሰንጢ በየመንገዱና በየማሳው የሚወድቅ ዕቃ ነውና፥ ለዕለት ሥራ የሚያዘው ሰንጢ ቢጠፋ ባለቤቱን የሚያሳዝን እንጂ የሚያደኸይ መሆን አይገባውም።

2ኛ፤ የጥሩ ሰንጢ ምልክት ምንድን ነው?

ይህንን የምጽፍ እኔ እንጀራዬ ጽሕፈት ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ገበያ የሚያብረቀርቅ ሰንጢ ገዛሁ። መቀስ፥ መጋዝ፥ ማንኪያና የጠርሙስ መክፈቻ ሁሉ ነበረበት፤ ዋጋው ግን ከአንድ ተራ ካራ ያነሰ ነበር። ይህን ሁሉ መሣሪያ በዚህ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከምኑ ያተርፋል ብዬ አልጠየቅሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ነገር በእኔ ደረሰ። አንድ ቀን የኮርቻ ጠፍር ለመብሳት ጫፉን ተክዬ ብገፋው ብረቱ ወደ ኋላ ታጥፎ የቀኝ እጄን ሌባ ጣት እስከ አጥንቱ ቆረጠው። ሦስት ሳምንት ብርዕ መያዝ አልቻልሁም፤ እስከ ዛሬም ድረስ ያ ጣቴ እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። በኋላ ሰንጢውን ለአንድ ብረት ሠሪ ባሳየው፥ የመታጠፊያው ችንካር ከለስላሳ ብረት የተሠራ፥ ሞላውም የላላ መሆኑን አስረዳኝ። ለሰንጢው ያወጣሁት ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ በእርሱ ምክንያት ያጣሁት ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው።

ከዚህ የተማርሁት ነገር ይህ ነው። ጥሩ ሰንጢ ማለት ሲፈልጉት የሚከፈት፥ ሳይፈልጉት የማይዘጋ፥ ቢዶለዱምም በቤት ውስጥ ተስሎ የሚታደስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ ሌላው ትርፍ ነው፤ እነዚህ ከጎደሉ ግን ሌላው ሁሉ ቢኖር አይጠቅምም። ስለዚህ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በሁለት ነገር ላይ ያውል፤ ይኸውም በብረቱና በመታጠፊያው ነው።

3ኛ፤ ስለ ብረቱ

የሰንጢ ብረት አረብ ብረት ነው። አረብ ብረትም ብረትና ጥቂት ካርቦን ተቀላቅለው የሚሆኑት ነው። በሁለት ወገን ይከፈላል።

ፊተኛው የሚዝገው አረብ ብረት ነው። ይህ በመሳያ ድንጋይ ላይ ፈጥኖ ይሳላል፤ ስለቱም መልካም ነው። ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ ሎሚና ሽንኩርት ሲቆርጡበትም ይጠቁራል። መጥቆሩ ጉዳት የለውም፤ ቀዩ ዝገት ግን ብረቱን እየበላ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው የማይዝግ የሚባለው ነው። በዚህ ውስጥ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ይገባበታል። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በብረቱ ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ይህም ሽፋን ውሃና አየር ወደ ውስጥ እንዳይደርሱ ይከለክላል። ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1913 በሼፊልድ ከተማ ይህን የመሰለ ብረት ከሠራ ወዲህ ለካራ ሥራ እየተስፋፋ ሄደ። የማይዝግ ይባል እንጂ ላብና ጨው ብዙ ጊዜ ከቆዩበት ነጠብጣብ ዝገት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ እርሱም ቢሆን መወልወል ይገባዋል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ቢሉ፥ እንደ ሥራው ነው። ፍሬ የሚልጥ፥ ሥጋ የሚቆርጥ፥ በቆላና በእርጥብ አገር የሚኖር ሰው የማይዝገውን ይምረጥ። እንጨት የሚጠርብ፥ ብርዕ የሚያሾል፥ ዕቃውንም በየማታው መወልወል የለመደ ሰው የሚዝገውን ቢይዝ ይደሰትበታል።

ነገር ግን ከብረቱ ዓይነት ይልቅ የሚበልጠው አጠነካከሩ ነው። ሠሪው ብረቱን በእሳት አግሎ፥ በዘይት ወይም በውሃ ነክሮ፥ ደግሞ በመጠነኛ ሙቀት አብርዶ ያጠነክረዋል። ይህ ሥራ ከጎደለ ብረቱ ለስላሳ ሆኖ ስለቱ ይተኛል፤ ከበዛም ደረቅ ሆኖ ስለቱ ይሸረፋል። ይህም በዓይን አይታይም። አንዳንድ ሰዎች ማግኔት ካልሳበው መልካም ነው ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ስለምን ቢሉ፥ ለካራ የሚሆኑት የማይዝጉ ብረቶች አብዛኛዎቹ በማግኔት የሚሳቡ ናቸውና። ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ያንኑ ዓይነት ሰንጢ ለብዙ ጊዜ የያዘ ጎረቤት ነው።

4ኛ፤ ስለ መታጠፊያው

መታጠፊያው በሦስት ዓይነት ይሠራል።

የመጀመሪያው ችንካሩ ጠበቅ ብሎ ብረቱን በመፋተግ ብቻ የሚይዘው ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሲላላም በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማጥበቅ ይቻላል።

ሁለተኛው በጀርባው ሞላ ያለው ነው። ሞላው ብረቱን ተጭኖ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ ሰው ሲጫነው ግን ይታጠፋል። ይህ ለመቁረጥና ለመላጥ ይበቃል፤ ለመብሳትና ለመውጋት ግን አይሆንም። የእኔን ጣት የቆረጠው ሰንጢ ከዚህ ወገን ነበር፤ ሞላው ደኅና ቢሆን እንኳ ለዚያ ሥራ አልተሠራም ነበር።

ሦስተኛው መቆለፊያ ያለው ነው። ብረቱ ሲከፈት በቀለበት ወይም በሌላ መያዣ ይቆለፋል፤ ባለቤቱ ካልፈታው አይታጠፍም። ጫፉን ተክሎ መግፋት የሚያስፈልገው ሥራ ያለው ሰው ይህንን ይያዝ። ሆኖም መቆለፊያ አለው ብሎ ጣትን በብረቱ መንገድ ላይ ማኖር አይገባም። መቆለፊያው ያረጃል፤ ቆሻሻም ይገባበታል።

5ኛ፤ በመጠነኛ ዋጋ ስለ ታወቁ ሰንጢዎች

የሌላው አገር ሰዎች ለገበሬና ለወታደር የሚሆን ሰንጢ እንዴት እንደ ሠሩ ማወቅ ለምርጫ ይረዳል።

በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ተራሮች ጆዜፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ሠሪ ልጅ በ1890 ለአገሩ ገበሬዎች የሚሆን ሰንጢ ሠራ። እጀታው እንጨት፥ ብረቱ ስስ፥ አሠራሩም ቀላል ነው። በ1897 መጠኑን በቁጥር ከ1 እስከ 12 ለየው። በ1955 ደግሞ ማርሴል ኦፒኔል ብረቱን ክፍት አድርጎ የሚቆልፍ የሚዞር ቀለበት ጨመረበት። ከሁሉ የታወቀው ቁጥር 8 ነው፤ የብረቱም ርዝመት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በሚዝገውም በማይዝገውም ብረት ይሠራል። ጉድለቱ፥ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ብረቱ ለመከፈት ይቸግራል። ያን ጊዜ የእጀታውን ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ መታ ቢያደርጉት ብረቱ ብቅ ይላል።

በስዊስ አገር ካርል ኤልዜነር በ1884 በኢባኽ መንደር የካራ መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891ም ለአገሩ ጦር ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። የወታደሩ ሰንጢ ስለት፥ መብሻ፥ የቆርቆሮ ጣሳ መክፈቻና የጠመንጃን ብሎን የሚፈታ መሣሪያ ነበረው። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ በሚባል ስም የሚሠራው ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚህ ሰንጢ ላይ መሣሪያው የተጨመረው ለተቈረጠ ሥራ ነው እንጂ ለብዛት አይደለም። እኔ የገዛሁት ግን ለብዛት የተሠራ ነበር።

ኦካፒ የሚባለው ሰንጢ ከ1902 ጀምሮ በጀርመን አገር ተሠርቶ ወደ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ በኋላ ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። የሚዝግ ብረትና የእንጨት እጀታ ያለው የሠራተኛ ሰንጢ ነው። መቆለፊያውን የሚፈቱት በጀርባው ባለው ቀለበት ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰንጢ የማያገኝ ወይም ገንዘቡ የማይፈቅድለት ሰው የአገሩን ብረት ሠሪ አይርሳ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ ካራ በደንብ ከተጠነከረ መልካም ስለት ይይዛል። ባይታጠፍም በቆዳ አፎት ሆኖ በወገብ ይያዛል፤ የማይታጠፍ ስለ ሆነም ጣት ላይ አይዘጋም። ዳግማዊ ምኒልክ በአገራችን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን አክብሮ ሥራውን የሚገዛ መንደር፥ ችንካሩ ሲላላ የሚያጠብቅለት፥ ማረሻው ሲደንዝ የሚያሰላለት ሰው አያጣም።

6ኛ፤ በገበያ ላይ ስለ መመርመር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሰንጢውን በእጅ ይዞ እንዲህ መመርመር ይገባል።

ሀ፤ ሰንጢውን ከፍቶ ብረቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ። የሚወላገድ ከሆነ ችንካሩ ላልቷል ማለት ነውና ይቅር።

ለ፤ ሲዘጋ ብረቱ በእጀታው መካከል መግባቱን ማየት። የእጀታውን ጎን እየፋተገ የሚገባ ስለት ቶሎ ይበላሻል።

ሐ፤ ሞላ ያለው ከሆነ በግማሽ አጥፎ መተው። በራሱ ክብደት የሚወድቅ ከሆነ ሞላው ደካማ ነው።

መ፤ መቆለፊያ ያለው ከሆነ ከቆለፉት በኋላ የብረቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ አድርጎ መጫን። ይህ ሲደረግ ጣቶች ሁሉ ከብረቱ መንገድ ውጭ ይሁኑ።

ሠ፤ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ በብርሃን ማየት። የሾለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመ ስለት ግን እንደ ነጭ ክር ያበራል። ደግሞም በወረቀት ላይ መሞከር ነው።

ረ፤ አራቱ ጣቶች በእጀታው ላይ መድረሳቸውን መመልከት። ለዕለት ሥራ የብረቱ ርዝመት ከ7 እስከ 8.5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚህ የረዘመ በኪስ ያስቸግራል፤ ሰውንም ያስፈራል።

ሰ፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ስም ማንበብ። በታዋቂ ስም የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ ብዙ ነው። ፊደሉ የተሳሳተ፥ ቅርጹም የደበዘዘ ከሆነ መጠርጠር ይገባል።

ሸ፤ ከስለቱ ግማሹ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነውን፥ ጥቁር ቀለም የተቀባውን፥ የጦር ዕቃ የሚመስለውንም መተው። እንዲህ ያለው ጥርስ በተራ መሳያ ድንጋይ ለመሳል ያስቸግራል፤ ቀለሙም ለመቁረጥ አይረዳም።

7ኛ፤ ስለ መሳልና ስለ መጠበቅ

የዶለዶመ ሰንጢ ከተሳለ ሰንጢ ይልቅ ያቆስላል። ስለምን ቢሉ፥ ያልተሳለውን ሰው በኀይል ይጫነዋል፤ በኀይል የተጫኑትም ሲያመልጥ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የተሳለው ግን በቀላሉ ስለሚቆርጥ በእጅ ሥልጣን ሥር ይሆናል።

መሳያ ድንጋዩን በውሃ አርጥቦ ብረቱን በድንጋዩ ላይ ማቆም ነው፤ ይህ 90 ዲግሪ ነው። ከዚያ ግማሹን ማጋደል፥ 45 ይሆናል። ዳግመኛ ግማሹን ማጋደል፥ ወደ 22 ይሆናል። ለኪስ ሰንጢ የሚስማማው ማዕዘን ወደ 20 ዲግሪ ነውና ከዚህ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በዚህ ማዕዘን ድንጋዩን እንደሚልጡት ሁሉ አንዱን ወገን በወላዩ በኩል የሚዳሰስ ሻካራ ጠርዝ እስኪያወጣ ድረስ መሳል፤ ቀጥሎም ሌላውን ወገን እንደዚያው ማድረግ። በመጨረሻ እየቀለሉ ግራ ቀኙን ማፈራረቅ፤ ከዚያም በቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድሞ እየጎተቱ ማለስለስ ነው። ስለቱ መሳሉን በወረቀት እንጂ በአውራ ጣት አይሞክሩትም።

ሰንጢ ምግብ ከቆረጠ በኋላ ይታጠባል፤ ፈጥኖም ይደርቃል። በውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። በመታጠፊያው የገባውን አፈርና ጉድፍ በስንጥር አውጥቶ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማንጠብ ይገባል። የምግብ ዘይት ግን ሲቆይ ስለሚጣበቅ ለመታጠፊያው አይሆንም። በሰንጢ ጫፍ ብሎን መፍታትና ሳጥን መፈልቀቅ ጫፉን ይሰብራል።

ድንገት ሰው ቢቆረጥ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይዞ እጁን ወደ ላይ ማንሣት፥ ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። አመድ፥ እበት፥ የቡና ዱቄትም ቁስል ላይ አይደረግም። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ዝገት ነው የሚሉ አሉ፤ የሚያመጣው ግን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ጥልቅ ወይም አፈር የነካው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ ይገባል። ስለዚሁ ምክንያት የኪስ ሰንጢ ከቶ ለሰው ገላ አይሆንም። በእርሱ እንጥል መቁረጥም ሆነ የሕፃን እትብት መቁረጥ ሞትን መጥራት ነው።

8ኛ፤ ለመምህራን

በብዙ ትምህርት ቤት ልጆች እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በተሰበረ የጢም ምላጭ ነው። ምላጭ እጀታ የለውም፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋል። ደም የነካው ምላጭ የጉበት በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ሊያሻግር ይችላል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ልጆች የእርሳስ መቅረጫ መግዛት ይቅደም፤ እርሱ ከሁሉ ይሻላል። መቅረጫ በማይገኝበት ቦታ ግን መምህሩ አንድ ጥሩ ሰንጢ በጠረጴዛው ሳጥን ቆልፎ ያኑር። ለትንንሾቹ ራሱ ይቅረጽላቸው፤ ትልልቆቹንም በፊቱ እያስቀመጠ ያስተምራቸው። ሕጉም ይህ ነው፦ ተቀምጦ እንጂ ቆሞ ወይም እየሄዱ አለመቁረጥ፤ ስለቱን ከራስ አርቆ መግፋት፤ ለሌላ ሰው የሚሰጡት ዘግተው መሆኑ፤ ሲጨርሱም ለመምህሩ በእጁ መመለስ። ለልጆች ተብለው ጫፋቸው ክብ ሆኖ የሚሠሩ ሰንጢዎችም አሉ።

የጃፓን ሰዎች በዚህ ነገር ያዩት ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ከ1890ዎቹ ጀምሮ በሚኪ ከተማ ሂጎኖካሚ የሚባል ርካሽ ሰንጢ ይሠሩ ነበር፤ የትምህርት ቤት ልጆችም በኪሳቸው ይዘው እርሳስ ይቀርጹበት ነበር። በጥቅምት ወር 1960 በቶኪዮ አሳኑማ ኢነጂሮ የተባሉትን የፖለቲካ መሪ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጉባኤ መካከል በአጭር ሰይፍ ወግቶ ገደላቸው። የገደለበት ሂጎኖካሚ ባይሆንም፥ ከዚያ ወዲህ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚል እንቅስቃሴ በአገሩ ተነሣ። የሰንጢውም ገበያ ወደቀ፤ በዚያ ስም የሚሠራ አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ነገር ግን በናጋኖ ግዛት አንድ ትምህርት ቤት ለአዲስ ገቢዎች ሂጎኖካሚ እየሰጠ አቀራረጹን ማስተማርን ልማድ አድርጎ ቆይቷል። ከዚህ የምንረዳው፥ ስለት የሚያስፈራው አያያዙን ሳያስተምሩ ሲሰጡት መሆኑን ነው።

9ኛ፤ ለሽማግሎች

ሰንጢ የሥራ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ቁጣ በሥራ ዕቃና በጦር ዕቃ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም። በስድብ የተጀመረ ጠብ በኪስ ውስጥ ስለት ባይኖር በቡጢ ያልቅ ነበር፤ ስለት ሲኖር ግን ወደ ደም ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጉማና ወደ ስደት ይሄዳል። እናንተም ያስታረቃችሁትን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወደ መጠጥ ቤት፥ ወደ ሸንጎና ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ሰንጢን በቤት መተው እንደ መልካም ልማድ ይመከር። በሁለት ሰዎች መካከል ቃል ሲከር ሰንጢውን ያወጣ ሰው፥ ባይወጋ እንኳ ጥፋቱ በሽማግሎች ዘንድ ይቈጠርበት። ቁልፍ ሲነኩት በሞላ ተስፈንጥሮ የሚወጣውን ዓይነት ደግሞ ለልጆቻችሁ አትግዙ። የእንግሊዝ መንግሥት እንዲህ ያለው ሰንጢ እንዳይሸጥ በ1959 ሕግ አውጥቷል።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ልጅ ያላችሁም ይህንን ንገሩት። ሰንጢ በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይያዝም። በእንግሊዝ አገር በ1988 በወጣው ሕግ፥ ስለቱ ከ3 ኢንች ማለት ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፥ የሚታጠፍና የማይቆለፍ ሰንጢ ካልሆነ በቀር በቂ ምክንያት የሌለው ሰው ስለት ይዞ በአደባባይ ቢገኝ ይቀጣል። እንግዲህ በቤቱ ማሳ ላይ የሚመሰገንበት ባለ መቆለፊያ ሰንጢ በሎንዶን መንገድ ሊያሳስረው ይችላል።

ጥያቄ

1፤ ርካሽ ዕቃና ዋጋው የሚቻል ዕቃ በምን ይለያያሉ? በአገራችሁ ገበያ ዋጋ በሒሳብ አስረዱ።

2፤ የጥሩ ሰንጢ ሦስት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?

3፤ የማይዝግ ብረት የማይዝገው ስለምን ነው?

4፤ ሞላ ብቻ ባለው ሰንጢ ጠፍር መብሳት የማይገባው ስለምን ነው?

5፤ የዶለዶመ ሰንጢ ከተሳለው ይልቅ የሚያቆስለው እንዴት ነው?

6፤ 90 ዲግሪን ሁለት ጊዜ በግማሽ ብትከፍሉት ስንት ይሆናል? ይህስ ለመሳል እንዴት ይረዳል?

7፤ ተማሪዎች ሁሉ በየቤታቸው ያለውን ሰንጢ ወይም ካራ በወላጆቻቸው ፊት በ6ኛው ክፍል በተጻፈው መሠረት መርምረው ያገኙትን ጉድለት ጽፈው ያምጡ። ዕቃውን ግን ወደ ትምህርት ቤት አያምጡ።